ሰልፉ ከአጥሩ ማዶ ይቀጥላል

ባለፈው ሳምንት አባቴ ግቢያችንን ሊያሳጥርበት ያዘዘውን ድንጋይ ገልባጭ መኪና መጥቶ በራችን ላይ ዘርግፎት ሄደ። አዲስ የተፈለጠ የኖራ ድንጋይ የራሱ ሽታ አለው፤ አቧራና ጠመኔ የተቀላቀለ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ የሚል ሽታ። አቧራው እስኪበርድ በር ዘግቼ መቆየት ሲገባኝ ወጣሁና አንዱን ገለበጥኩት፤ ጥፍሬን የሚያህል፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰመረ ዛጎል ተጣብቆበታል። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ቲቸር ዘይነባን አሰብኳት። ሃያ ዓመት በቅጡ ሳይሞላት ትዝታ ታወራለች የሚለኝ ይበለኝ፤ ትዝታ እንደ ጡረታ ዕድሜ አይጠብቅም።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ጅግጅጋ የታመሰችበት፣ ሱቅ የተቃጠለበት ክረምት ገና ማለፉ ስለነበር የአባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በሩ አዲስ፣ ግድግዳው ግን ጥላሸት የነካው ነበር፤ ሰው ሁሉ ቃሉን መርጦ፣ ድምፁን ቀንሶ ነበር የሚያወራው። በአማርኛ በሚያስተምረው ትምህርት ቤታችን የወታደር ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ፣ አማርኛ ይልመድልን ተብሎ የተላከ የሶማሌ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን እንጋፋለን፤ የጅግጅጋ ነፋስ በመስኮት እየገባ የደብተራችንን ገጽ ሳንጠይቀው ይገልጥልናል። የአካባቢ ሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ዘይነባ ወሎዬ ናት፤ አባቷ ሙስሊም፣ እናቷ ክርስቲያን፣ እሷ እንደምትለው በሁለቱም በዓል ዶሮ በሚታረድበት ቤት ያደገች። ቁመቷ ከክፍላችን ትልልቅ ልጆች አይበልጥም፣ ድምፅዋ ግን ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሕይወት ያላቸው ነገሮች እንዴት እየተለወጡ እንደመጡ ልታስተምረን የተነሳች ቀን መጽሐፉን አልከፈተችም። በአጥሩ በኩል ስለሚያልፉት በጎች ነው የጠየቀችን፤ ገላቸው ነጭ ሆኖ ጭንቅላታቸው ለምን ጥቁር ሆነ? አጠገቤ የሚቀመጠው ሙባረክ፣ አያቱ ሐጂ ኢስማኢል ቀብሪበያ ከብት የሚነግዱት፣ እጁን አወጣና አያቱ ለርቢ የሚያስቀሩትን አውራ እየመረጡ መሆኑን፣ ደስ ያላላቸው ግን ገበያ እንደሚወጣ በኩራት አስረዳ። «አየህ፣ አያትህ ይመርጣሉ» አለችው፤ «ድርቁም ይመርጣል፣ ብርዱም ይመርጣል፤ እነሱ ግን እንደ አያትህ አይቸኩሉም።»

ከዚያ ሁላችንንም ወደ ሜዳው አወጣችን። የሶማሌ ልጅ ከፊደል በፊት የሚማረው አብቲርሲ የሚባል ነገር አለ፤ ከራሱ ጀምሮ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እያከታተለ እስከ ጥንቱ ድረስ መቁጠር ነው። እኛ ከመሐል አገር የመጣን የነጋዴ ልጆች ግን ከሦስት ስም በላይ ስንገፋ ላብ ያጠምቀናል፤ አባቴን ብጠይቀው «ከዚያ በላይ ያለውን እግዜር ያውቀዋል» ብሎኛል። ቲቸር ሙባረክን ባንዲራው ሥር አቆመችና አብቲርሲውን አስጀመረችው፤ አንድ ስም በጠራ ቁጥር አንዳችን ከኋላው እንሰለፋለን። ሰልፉ ረዝሞ አጥሩ ጋ ሲደርስ ልጆች አለቁ፣ ስሙ ግን አላለቀም። እኔ የመጨረሻዋ ስለነበርኩ የሙባረክ እጅግ የራቀ ቅድመ አያት ሆኜ ጀርባዬን የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ለጥፌ ቆምኩ፤ የጉራጌ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ የነሐጂ ኢስማኢል ዘር መነሻ በመሆኗ ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ።

ቲቸር አብራን ሳቀችና አጥሩን መታ መታ አደረገችው። ልጅ አባቱን ይመስላል፣ ግን ልክ እንደ አባቱ አይደለም፤ ይህ ሰልፍ ከአጥሩ ማዶ ቢቀጥል፣ ቀብሪበያን ቢያልፍ፣ ዞሮም የአይሻን በረሃ አቋርጦ ባሕሩ ድረስ ቢሄድ፣ በመካከል የቆሙት ቀስ በቀስ እኛን መምሰል ይተዋሉ፤ እጅግ እጅግ ሩቅ ያለው በውኃ ውስጥ የሚዋኝ ነበር አለችን። ከቦርሳዋ ድንጋይ ከሚፈለጥበት የከተማው ካባ ያመጣችውን ዛጎል ያለበት ድንጋይ አውጥታ በየእጃችን አዞረችልን። ባሕር አይተን የማናውቅ ልጆች ባሕሩ እኛ ዘንድ መጥቶ እንደነበር በጣታችን ዳሰስነው። እንደዚያ ቀን ዓለም ሰፍታብኝ አታውቅም።

ጣጣው የመጣው በሙባረክ ነው። ያን ሰሞን ሐጂ ቤት የከበሩ እንግዶች ነበሩና ልጁ አብቲርሲውን እንዲያሰማ ተጠራ። አንድም ስም ሳይስት ወርዶ ወርዶ የዘሩ መነሻ የሆኑት ሼኽ ላይ ሲደርስ ማቆም ነበረበት፤ ትምህርቱ ልቡ ገብቶ ኖሮ ግን ሳይተነፍስ «ካሉን!» ብሎ ጨረሰ። ካሉን በሶማሊኛ ዓሣ ነው። ግመል ያረባ የሶማሌ ሽማግሌ ዓሣን ለመብላት እንኳ እንደሚጠየፍ የሚያውቅ ሰው፣ በዘር ቆጠራ ላይ በእንግዳ ፊት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ይገምት። ወሬው በማግስቱ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ሲደርስ ዓሣው ጦጣ ሆኗል፤ ቲቸር ብዙ ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል ያለችንን ለውጥ ገበያው በአንድ ጠዋት ጨረሰው።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ሰላምታቸው የራቀው ሐጂና አባቴ በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው ትምህርት ቤት መጡ። ኮሽታ የማይወደው ዳይሬክተር ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠው፤ ቲቸር ክፍል ገብታ ያስተማርኳችሁ ውሸት ነው ትበል፣ አለዚያ ወደ ሩቁ ገጠር፣ ቱሊ ጉሌድ ትዛወራለች። እኔ የክፍል አለቃ ነኝና ከሙባረክ ጋር ቲቸር ወደቆመችበት ቢሮ ተጠርቼ ገባሁ። ሐጂ ከቁጣቸው ይልቅ ሐዘናቸው ከብዶ «ግመል ቢል እንኳ፣ ወላሂ፣ እችለው ነበር» አሉ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሚያወራበት ድምፅ፣ «እግዚአብሔር የለም ብላችኋለች?» አለኝ።

አባቴን እፈራው ነበር። ዓይኑን እያየሁ ግን መለስኩለት። «አላለችም። ማን ፈጠረው የሚለውን ቤታችሁ ጠይቁ፣ እኔ የማስተምራችሁ እንዴት እንደተለወጠ ነው ብላ ነው የነገረችን» አልኩ። ሙባረክም ዓሣውን የጨመርኩት እኔ ነኝ ብሎ አለቀሰ። ቲቸር ሐጂን በአክብሮት ጎንበስ ብላ «እንግዶችዎ ፊት ለደረሰብዎ ይቅርታ፣ አባቴ። ትምህርቱን ግን ውሸት ነው አልልም፤ ነገ እነዚህን ልጆች በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለች። ዳይሬክተሩ እንግዲያውስ ቱሊ ጉሌድ ነው ሲላት ቦርሳዋን አንስታ፣ ስድብ ሳትጨምር፣ «ቱሊ ጉሌድ ልጆች የሉም እንዴ?» አለችውና ወጣች። ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች፤ ሐጂ አንስተው አገላብጠው አዩትና ቦታው መለሱት።

በምትኳ የመጣው አስተማሪ ያችን ገጽ አስዘለለን። እኛ ግን አልዘለልናትም። በየእረፍቱ፣ ማንም ሳያዘን፣ ከባንዲራው እስከ አጥሩ እንሰለፍና ሙባረክ ስሞቹን ይጠራል፤ መጨረሻ ላይ እኔ ቆርቆሮውን በጀርባዬ እየደበደብኩ «ካሉን!» ብዬ እጮሃለሁ፣ ሜዳው በሙሉ ይቀበለኛል። ዳይሬክተሩ አለንጋ ይዞ ሲመጣ እንበተናለን፣ ሲመለስ እንሰለፋለን። በዚያች በፈራች ከተማ እንደኛ የሚጮህ አልነበረም።

ሜዳው ላይ ዛሬ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ልጆቹ የሚሰለፉበት ስፍራ እንኳ የላቸውም። ሐጂ አርፈዋል። ሙባረክ ጅቡቲ ወደብ ይሠራል፤ ሲደውልልኝ «ዛሬም ዘመዶቼን በበረዶ ሣጥን ሲጭኗቸው አየሁ» እያለ ያስቀኛል። ቲቸር ዘይነባ ከቱሊ ጉሌድ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘሁም፣ ስልኳም አይሠራም። ይቆጨኛል፣ ያናድደኛልም፤ ከኛ በኋላ ስንት ክፍል ልጅ ድንጋዩን ሳይዳስስ አለፈ።

እኔ ግን አልረሳሁም። ለመምህርነት እየሠለጠንኩ ልምምዴን የምወጣው እዚያው ትምህርት ቤት ነው፣ ሰኞ ተራዬ ደግሞ ያቺ ገጽ ናት። የሚቆጣጠሩኝ መምህር «ዝለያት፣ ጣጣ አታምጪ» ብለውኛል። በራችን ላይ ከተዘረገፈው ያነሳሁትን ባለዛጎል ድንጋይ አጥቤ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁም እንደዚያን ቀን አይደለም።

«አንቺ ልጅ፣ ቱሊ ጉሌድ ይሰዱሻል» አለኝ።

የቦርሳዬን ዚፕ ዘጋሁት። «ቱሊ ጉሌድ ልጆች የሉም እንዴ?»