ለሁሉም የተዳረሰው የመዥገር መድኃኒት

የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ዛሬም እንቀዋለሁ እንጂ አልጠላውም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እጠላው ነበር። እሱ ግን ባዶ ነበር፤ ያውም የሚጮኽ ባዶ።

በደርግ ጊዜ አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ስንኖር የፈረንጅ ዘር ያለባት አንዲት ላም ነበረችን። እናቴ ታናሽ እህቴን ወልዳ ጡቷ ስለ ደረቀ ሕፃኗ የምታድገው በላሟ ወተት ነበር። የሰፈሩ ከብት ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ መስክ ሲግጥ ውሎ ሲመለስ ጡቱና ጆሮው ሥር መዥገር እንደ ባቄላ ተሰክቶበት ይገባል። በእጃችን ብንነቅል ብንነቅል አላልቅ አለን።

አንድ ቀን ከግብርና መሥሪያ ቤት የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ይዞ መጣ። በቀበሌው አዳራሽ ሰብስቦን፣ "ለአንድ ባልዲ ውኃ አንድ ክዳን ሙሉ፤ ከዚያ ካነሰ መዥገሩ አይሞትም" አለን። ያመጣው ለግማሹ ከብት እንደሚበቃና ቀሪው በሚቀጥለው ወር እንደሚመጣም ነገረን። ለማንም የሚገባ ነገር ነው።

ሊቀመንበሩ ግን ብድግ አለ።

"ጓዶች! ግማሹ እየታከመ ግማሹ የሚቀርበት ዘመን አልፏል! ለሁሉም እኩል ይዳረስ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያጨበጨቡት ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያረቡ ሰዎች ናቸው፤ እቤታቸው ሲገቡ "ምን ጉድ ነው?" ይላሉ። ሐኪሙ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መድኃኒቱ በርሜል ውስጥ ተገለበጠና እስከ አፉ ውኃ ተሞላበት።

ላማችንን በዚያ ውኃ አጠብናት። መዥገሮቹ ገላቸውን ታጥበው አማረባቸው። ብዙም ሳይቆይ ላሟ መብላት ተወች፤ ሽንቷ ደም መሰለ፤ መዥገሩ ባመጣባት በሽታ ሞተች።

እናቴ ሕፃኗን አቅፋ እኔን አስከትላ ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ አልተነሣም።

"እትዬ፣ መድኃኒቱ ደርሶዎታል ወይስ አልደረሰዎትም?"

"ደርሶኛል።"

"በቃ! የቀበሌው ማኅበር ድርሻውን ተወጥቷል። ከዚያ ወዲያ መሞት የላሟ የግል ጉዳይ ነው።"

ይህን ሲል አልሳቀም፤ የምሩን ነበር።

እናቴ አልጮኸችም። ጠረጴዛውን ዞራ፣ በረሃብ የምታለቅሰውን ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"እንግዲያው የእሷንም ድርሻ ያዳርሱልኝ፣ ጓድ" አለችው።

እህቴ የካኪ ሸሚዙን እየዳበሰች በአፏ ጡት ትፈልግ ጀመር።