ውሃ አይምጣ ይባላል?

እህቴ ውሃ ቀጂ ናት። ነበረች ልበል እንጂ። እኔ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ነኝ፤ ክፍል እጠርጋለሁ፣ ሰሌዳ እወለውላለሁ፣ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ አቧራ አራግፋለሁ። እሷ ደግሞ ከወንዙ እየቀዳች በአህያዋ ለትምህርት ቤቱ ታመላልሳለች። ተማሪ የሚጠጣው፣ መምህራን የሚታጠቡበት፣ እኔ ወለል የማጸዳበት ሁሉ ከእሷ ጀሪካን ነው። ሰው «እትዬ ጀሪካን» ይላታል። እኔ እትዬ ብቻ ነው የምላት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ከአንድ ማህፀን መውጣታችን ራሱ ይገርመኛል። እኔ እንብርት የለኝም፤ የመጣልኝን ሳልናገር ካደርኩ ሆዴ ይነፋል። እሷ ሆድ ይፍጀው ባይ ናት። ባሏ ጥሏት ሲሄድ እንኳ «መንገዱን ያቅናለት» ብላ አህያዋን ጫነች። ደጅ ወጥቼ፣ ጎረቤት እስኪሰለች ድረስ የረገምኩት እኔ ነኝ።

ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። ትንሽዬ ስለሆነች ጩጬ እንላታለን። የውሃው ደሞዝ መጀመሪያ ለጩጬ ደብተርና ዩኒፎርም ይሄዳል፤ የተረፈው ይበላል። «እኔና አንቺስ ፊደል ሳንቆጥር ቀረን፤ እሷ ግን ትማራለች» ትለኛለች እትዬ። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

እንግዲህ ፈረንጆቹ መጡ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከላይ ካለው ምንጭ ውሃ በቱቦ ስበው ለትምህርት ቤቱ ታንከርና ቧንቧ፣ ለሴት ልጆች ደግሞ መጸዳጃ ቤት ሊሠሩ። አገሩ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፣ ምን ይደበቃል! ምድረ ወላጅ አካፋና ዶማውን ይዞ ወጣ። ወንዱ ቦይ ይቆፍራል፣ ሴቱ ድንጋይ ያቀብላል፣ ፈረንጆቹም ፊታቸው ቲማቲም እስኪመስል አብረውን ይለፋሉ። አንዱ ረጅም ጎረምሳ አህያዋን እኔ ልንዳ ብሎ ገመዱን ቢይዝ መንገድ መሀል ተኛችበት። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይለማመጣት ጀመር፤ ያውም በእንግሊዝኛ! ሳቅ ገደለን። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ።

ሲሚንቶ ያለ ውሃ አይቦካም። ታዲያ ማን ያምጣ? እትዬ። ጠዋት ለተማሪው፣ ከዚያ ደግሞ ለግንባታው። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ስታቃስት አየኋትና ነገሩ ያኔ ብልጭ አለልኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ቧንቧ ሲያልቅ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ዝም በይ።»

«ምን ዝም በይ አለው! በገዛ ጀሪካንሽ ጉሮሮሽን እየዘጋሽ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ውሃ አይምጣ ይባላል? የሰው ልጅ ይጠማ ልበል?»

አንዱን ጀሪካን ከአህያዋ አወረድኩላት።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አለቃቸው፣ ፀጉሯ የሸበተ ደግ ሴት፣ ሰዉን ሁሉ ሰበሰበች። የእንግሊዝኛው መምህር ነው የሚያስተረጉምላት። «በዚህ ሥራ የሚጎዳ ሰው አለ ወይ? የሚቀርበት ነገር ያለ ሰው ካለ ሳይፈራ ይንገረን፤ አብረን መላ እንፈልጋለን ትላለች» አለን። ቃል ሳያጓድል ነው የነገረን። ያን ቀን እሱ ላይ የምለው የለኝም።

ሁሉም የእትዬን ነገር ያውቃል፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኛ ዘንድ ሊረዳ በመጣ እንግዳ ፊት የራስን ችግር ማውራት ነውር ነው። ምን ይሉናል! አላስችል ብሎኝ ልነሳ ስል እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝና ራሷ ተነሳች። ልትናገር ነው አልኩ።

«በሰላም አገራችሁ ያግባችሁ። ወልዳችሁ ሳሙ። ለልጆቻችን እንዳሰባችሁ ለእናንተም የሚያስብ አይጥፋ» ብላ መርቃቸው ተቀመጠች።

ጭብጨባው ቀለጠ። አለቃቸው መጥታ አቀፈቻት። ከእንግዲህ ወገብሽ ያርፋል አለቻት። ወይ ነዶ!

ቧንቧው በተመረቀ ዕለት ተማሪው ተሰልፎ ጠጣ። ጩጬ ከፊት ነበረች። በመዳፏ እየተቀበለች፣ ውሃው በአገጯ እየወረደ፣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ስትጠጣ አንዷ ፈረንጅ ፎቶ አነሳቻት። ከዚያ እየሮጠች መጥታ «እማዬ፣ ከእንግዲህ አትደክሚም!» አለች። እትዬ «እሰይ» አለቻት። ሌላ ምን ትበል?

እንግዶቹ በሄዱ ማግስት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ቧንቧውን እትዬ ትጠብቅ ብዬ ለመንኩት።

«ቧንቧ ምን ጠባቂ ያስፈልገዋል? ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። በጀትም የለን። ብችል ጠልቼ ነው እህቴ?» አለኝ።

አልጠላም፤ የእሱም እጅ ባዶ ነው። የእኔም ደሞዝ ከራሴ ልጆች ጉሮሮ አያልፍም። እትዬ የሰው ልብስ ልጠብ ብላ መንደሩን ዞረች፤ ማን ያሳጥባል? ሁሉም የራሱን የሚያጥብ ሰው ነው። አህያዋን ሸጠች፣ ገንዘቡም አለቀ። በኋላ የባሏ እህት ከከተማ ላከችባት፤ ልጅ የምትይዝላቸው ሴት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፣ ጩጬን ላኪያት ብላ። ዐይኔ እያየ፣ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ።

ጩጬ የሄደች ቀን አላለቀሰችም። «ክረምቱ ሲያልፍ ትመልሱኛላችሁ አይደል አክስቴ?» አለችኝ። አዎ ብዬ ዋሸኋት። እትዬ አውቶቡሱ ከዐይኗ እስኪሰወር ቆመች፤ ከዚያ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች።

በዓመቱ ሌሎች ፈረንጆች መጡ፤ አሁን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ሊሠሩ። የፊተኞቹ የጩጬን ፎቶ አሳድገው፣ በፍሬም አስገብተው ልከውለት ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ውስጥ ሰቅሎታል። በየጠዋቱ አቧራውን የምጠርገው እኔው ነኝ። እንግዶቹ ሲገቡም ጨርቄን እንደያዝኩ ነበርኩ። አንዷ ፎቶው ፊት ቆማ ፈገግ አለችና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ይህች ቆንጆ ልጅ ስንተኛ ክፍል ናት? ልተዋወቃት ትላለች» አለ የእንግሊዝኛው መምህር።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። አላስቻለኝም።

«የእህቴ ልጅ ናት» አልኩ። «ውሃው ሲመጣ እናቷ ሥራ አጣች። እሷም ትምህርቷን ትታ ከተማ የሰው ልጅ አዝላለች። ንገራቸው።»

መምህሩ አየኝ። ጩጬን ያስተማረ ሰው ነው፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ርዕሰ መምህሩን አየ፣ እንግዶቹን አየ። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረ። የሁሉም ፊት በራ፤ ሴትዮዋ መጥታ እጄን ከነጨርቁ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ታመሰግናለች አልኳቸው።»