በየኔታ በኩል የነበረው ስክሪን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ ሳሎናችንን በሽቦ ሞላችው። ከቤት ሆና የምትሠራው ሥራ አግኝታለች። አንዲት ጥቁር ሳጥን አለች፣ ዶክ ይሏታል፤ ላፕቶፑ በአንድ ገመድ ይሰካባትና ሁለቱ ስክሪን፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ሄድፎኑ ሁሉ በእሷ በኩል ይገናኛሉ። ላግዝሽ ብዬ ብጠጋ «አባዬ ተወው፣ አንተ አታውቀውም» አለችኝ። ጉድ እኮ ነው! እኔ ይህን ነገር ስገጣጥም እሷ መቼ ተወለደችና! ከቁም ሳጥኑ ላይ የድሮ የዜማ ቅጂ ያለባትን አሮጌዋን ሃርድ ዲስኬን አወረድኩና «በይ እንግዲህ ድምፁን በዚህ ሞክሪው» አልኳት።

ሄድፎኑን አጥልቃ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ አንዱን ጆሮዋን ገለጥ አድርጋ «አባዬ፣ ሽማግሌው ሲያቆሙ የሚመልስላቸው ልጅ ማነው?» አለችኝ።

እኔ ሲበዛ ደረቅ ሰው ነኝ። የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ዓይነት። ዕድሜዬን ሙሉ ኮምፒውተር ስጠግን ስለኖርኩ ለእኔ ችግር ሁሉ ወይ ገመድ ነው ወይ መብራት ነው። ቤዛ ያን ስትጠይቀኝ ግን ደነገጥኩ። የቀረጽኩት እኔ ነኛ! ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሽማግሌው የኔታ ጥበቡና እኔ ብቻ ነን። ፋይሉን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እሷ ልጅ በምትልበት ቦታ ላይ ለእኔ የሚሰማኝ እዝ የሚል የሽቦ ድምፅ ብቻ ነው።

ያኔ፣ ቤዛ ሳትወለድ፣ ከደብረ ታቦር የኮምፒውተር ትምህርቴን ጨርሼ፣ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ መካነ ኢየሱስ ተመልሼ፣ ሥራ አጥቼ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው እመላለስ ነበር። ጥንታዊ ዜማ የሚያስቀርጽ አንድ ማኅበር ዕቃ የሚገጥም ሰው ፈለገና በሰው በሰው እኔን አገኘኝ። ጋይንት፣ አርብ ገበያ ሄደህ የኔታ ጥበቡን ትቀርጻለህ ተባልኩ። ማኅበሩ የሰጠኝን ሁለት ስክሪን በእናቴ ጋቢ ጠቅልዬ፣ በመካከላቸው ገለባ ጠቅጥቄ፣ አይሱዙ ላይ ከገብስ ጆንያ ጋር ተጫንኩ። ጥቅምት ነበር። ጠዋት ውርጩ ጣት ይቆርጣል፣ ቀን አቧራው ዓይን ያጠፋል። እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ መንገድ ላይ በጥብጬ ስጠጣ አቧራው ቀድሞኝ ገብቶበት ነበር።

የኔታ ጥበቡ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገረኛ ሽማግሌ ነበሩ። ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት ወጥቶባቸው ከአጃ አጥሚት በቀር የሚወርድላቸው አልነበረም። የባሕር ዳር ሐኪሞች ቀጠሮ ሰጥተዋቸዋል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል። ከእሳቸው በቀር በአገሩ የሚያውቀው ያልተገኘ አንድ ረጅም ዜማ ነበራቸው። ከመሄዳቸው በፊት ካልተቀረጸ ከጉሮሯቸው ጋር ያበቃለታል።

ከተማው ውስጥ አንድ ባዶ የዕቃ ክፍል ተሰጠኝ። የዚያን ጊዜው ዶክ ላፕቶፑን ከላይ ጭነው ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ የሚገጥም ነበር። አንዱን ስክሪን በእኔ በኩል፣ ሌላውን በየኔታ በኩል አቆምኩ። ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ዓይነት ምስል ነው፤ ድምፅ ሲገባ መስመሯ ትነሳለች፣ ዝም ሲባል ትተኛለች። ማይኩን ሰካሁ፣ ሃርድ ዲስኩን ሰካሁ፣ ገመዱን ሁሉ በጨርቅ ቁራጭ አሰርኩ።

«ይሄ ሁሉ ሽቦ ለአንድ ሽማግሌ ጉሮሮ ነው?» አሉ።

«ድምፅዎ ነዋ የኔታ፣ ቀላል ነው እንዴ?»

«ሞት ይርሳኝ! እንዲህ መሆኔን ባውቅ ኖሮ ተኩራርቼ እሞት ነበር።» ከዚያ አንድ ሐረግ ዜማ አወጡና መስመሯ ስትነሳና ስትወድቅ አይተው ዓይናቸው በራ። «አሃ! ይሄማ ምልክት ነው።» የዜማ ሰዎች ከፊደሉ ራስ ላይ የሚጽፉትን፣ ድምፅ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ የሚያሳየውን ምልክት ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን እንደ መጽሐፍ ያዩት ጀመር።

ዓርብ ዓርብ ሥራ የለም። ገበያተኛው አህያውን ከክፍላችን ጀርባ ያስርና አህያው በዜማው መሐል ይገባበታል። በሌሎቹ ቀናት ግን ሥራው ሄደልን። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የኔታ በየመሐሉ ዝም ይላሉ፤ ደክሟቸው አይደለም፣ ሰው እንደሚጠብቅ ጆሮ ሰጥተው ነው የሚያቆሙት። ኋላ ነው የነገሩኝ። ሐዲስ የሚባል ተማሪ ነበራቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ አብሯቸው ኖሮ ያን ዜማ የጨረሰ እሱ ብቻ ነበር። እሳቸው ይመራሉ፣ እሱ ይቀበላል። በመቋሚያቸው መሬቱን አንድ ጊዜ ከመቱ «አልሆነም፣ ድገመው» ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመቱ «ቀጥል» ነው። ልጁ እናቱን ሊጠይቅ ስማዳ እንደወረደ በክረምት ወንዝ ወሰደው። የኔታም ከዚያ ወዲህ እስከዚህ ቀረጻ ድረስ ያን ዜማ ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም ነበር።

ይህን በነገሩኝ ማግስት፣ እንዲሁ ዝም ባሉበት፣ ጣታቸውን ወደ ስክሪናቸው ቀሰሩ።

«ይሄስ የማን ነው?»

የእኔን ስክሪን አየሁ፤ መስመሯ ተኝታለች። ዞሬ በእሳቸው በኩል ብመጣ መስመሯ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ወረደች፣ ተነሳች። «ገመዱ ነው የኔታ» አልኳቸው። ገመዶቹን አለዋወጥኩ። ያው ነው። ላፕቶፑን ከዶኩ አንስቼ እንደገና ገጠምኩት። ያው ነው። በመጨረሻ ስክሪኖቹን ራሳቸውን አቀያየርኩ፤ በእኔ በኩል የነበረውን በእሳቸው ፊት አቆምኩት። መንቀጥቀጡ ከስክሪኑ ጋር ወደ እኔ አልመጣም። በየኔታ ፊት ቀረ። ጠራራ ፀሐይ በመስኮት እየገባ፣ ውጭ ሴቶች እየተሳሳቁ እያለፉ፣ እኔ ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ?

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራሉ። የቀረው የዜማው መዝጊያ ብቻ ነው። የኔታ ጀመሩ፣ ደረሱ፣ አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ አቆሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ጠፋኝ» አሉ።

«ይረፉ የኔታ፣ ይመጣልዎታል።»

«አይመጣም! ስንት ዓመት እኔ ከፍቼ እሱ ነው የዘጋው። መዝጊያውን ለእሱ ትቼለት ከአፌ ጠፋ። አንተ ልጅ፣ መምህሬ አደራ ያለኝን ይዤ ልሞት ነው እኮ!» አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ የት እንደሚታይ አላውቅምና ገመድ የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ትንሽ ቆይተው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ክፈተው» አሉኝ። «ምንም ቢሆን እንዳትነካው።»

ከፈትኩት። ተነሥቼም ከኋላቸው ቆምኩ፤ ብቻዬን ከዚያ ወገን መቀመጥ አልፈለግኩም። የኔታ ዜማውን መሩ፣ ያቺ ቦታ ሲደርሱ ዝም አሉ። በፊታቸው ያለችው መስመር ተኝታ ቆየች። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች። የኔታ መቋሚያቸውን አንስተው መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱ። መስመሯ ተነሳች። ወጣች፣ ተጠማዘዘች፣ ወረደች፣ መጨረሻዋ ላይ ሰብሰብ ብላ ተኛች። ክፍሉ ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ዝንብ እንኳ አልነበረም። የኔታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ምልክቱን አብረው ተከተሉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው መዝጊያውን ከዳር እስከ ዳር አንዴም ሳይሰናከሉ ዘለቁት።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግ ብለዋል። «መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ይቸኩላል» አሉ። «ስንት ጊዜ ቆጣሁት መሰለህ። አሁንም ቸኮለ።»

በማግስቱ ሄዱ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ዛሬ በዚያ አካባቢ ያን ዜማ የሚማሩ ልጆች የሚማሩት ከዚያ ቅጂ ነው። እኔም ትዳር ይዤ፣ ቤዛን ወልጄ፣ የተበላሸ ዕቃ ስጠግን ይኸው ሸበትኩ። ስለዚያ ክፍል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ሰው ምን ይለኛል?

ቤዛ ሄድፎኑን እንዳጠለቀች ነበር። ይህን ሁሉ ገና አልነገርኳትም። ፋይሉ ሲያልቅ ሄድፎኑን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እንዴት ያምራል የልጁ ድምፅ!» አለች። «ግን መጨረሻው ላይ ትንሽ ቸኮለ አይደል?»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ነገር ሁሉ ገመድ አለው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄኛው በየት በኩል እንደተሰካ ግን እስከዛሬ አላገኘሁትም። ከእንግዲህ ባላገኘውም አልከፋም። ልጁ ማንም ይሁን ማን፣ አደራውን ሊያስረክብ ነው የመጣው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ምን ብዬ እፈራዋለሁ?

ስልኬን አወጣሁና አርብ ገበያ ደወልኩ። የኔታን የምታስታምማቸው የእህታቸው ልጅ አነሳች። ደህና ናቸው፣ ፀሐይ እየሞቁ ነው አለችኝ። ስልኩን ከጆሯቸው አስጠጊልኝ አልኳት። «የኔታ፣ ልጄ ሐዲስን ሰማችው» አልኳቸው። መልስ የለም፤ ከየት ይምጣ፣ ድምፅ የላቸው። የሚሰማኝ ትንፋሻቸው ነው። ለቤዛ በስፒከሩ ልቀቂው አልኳትና ስልኩን አጠገቡ ያዝኩት።

የኔታ በዚያን ጊዜው ድምፃቸው መሩ። ያቺ ዝምታ መጣች። በስልኩ ውስጥ መቋሚያ መሬት ሲመታ ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ። ዝምታው አልፎ መዝጊያው ተዘመረና አለቀ። ቤዛ ስክሪኑን ታያለች፣ እኔ ስልኩን።

ከዚያ መቋሚያው መሬቱን አንድ ጊዜ መታ።

«ምንድነው የሚመታው?» አለች ቤዛ በሹክሹክታ።

«ቸኩለሃል፣ ድገመው እያሉት ነው» አልኳት። እሷም ፋይሉን ወደ መጀመሪያው መልሳ እንደገና ከፈተችው።