የአንድ ቀን መንገድ

በጣሊያን ጊዜ ጨው እያመላለስኩ እነግድ ነበር። አንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ የጣሊያን ሹም አርበኞቹ የት እንዳሉ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። መንገድ አዋቂ መባል እወድ ነበርና፣ «ከአሊዩ አምባ በታች፣ ገደሉ ውስጥ ናቸው፤ ሙሉ የአንድ ቀን መንገድ ነው» አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ጦሩ እስኪደርስ በአቋራጭ ቀድሜ ላስመልጣቸው ነበር ሐሳቤ፤ ብልጥ ነኛ! ሹሙ የእጅ ሰዓቱን አየ። ምሳው የደረሰ መሰለኝ።

ወዲያው በቅሎዬን ጭኜ ወጣሁ። ገና የሮቢን ወንዝ ሳልሻገር አይሮፕላን በአናቴ አልፎ ወደ አሊዩ አምባ ሄደ። የደነበረችውን በቅሎዬን ወንዙ ዳር ስታገል፣ ያው አይሮፕላን ሥራውን ጨርሶ ተመለሰ።

የደረስኩት ለቀብር ነው። ለቀስተኛው «ማን ጠቆመ?» ሲባባል፣ እኔም ከሁሉ ጮክ ብዬ «ማን ይሆን?» አልኩ።