ከጉና ነው የተባለው ድንጋይ

ደብረ ታቦር ውስጥ የሥነ ምድር መምህር ነኝ። አንዲት እናት አንገቱን የደፋ ጎልማሳ አስከትለው ቢሮዬ ገቡና ዛጎል ያለበት የድንጋይ ስባሪ ሰጡኝ።

«መምህር፣ ከጉና ነው አይደለም? ሐቄ አለበት፤ እውነቱን ይንገሩኝ።»

በእኔ ቃል ድንጋዩን ሊሸጡ የመጡ ደላሎች መስለውኝ እየተጠራጠርሁ አገላበጥሁት።

«እማማ፣ ይህ ብራኪዮፖድ የሚባል የጥንት የባሕር እንስሳ ነው። ሁለቱ ቅርፊቶቹ እኩል አይደሉም። ትልቁ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በዚያ ባወጣው እግር ዐለት ላይ ይጣበቅ ነበር። ያለበትም ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። የጉና ተራራ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።»

«እንግዲያ ከጉና አይደለም?»

«አይደለም።»

ወደ ጎልማሳው ዞሩ።

«ሰማህ አንተ ቀጣፊ? ከጉና ያመጣሁት ነው ብለህ በሸጥህልኝ በዚህ የወፍጮ ድንጋይ ክረምቱን ሙሉ ኖራ አስቃምኸኝ!»