ሦስት ማዕዘን ለወርቅነሽ ጣት

ሶዶ፣ ማለዳ

ይህን ጉዞ የጀመርኩት በውሸት ነው። ለባለቤቴ ለወርቅነሽ፣ «ቤሌ ያለ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ነው፤ ነገ ማታ እመለሳለሁ» አልኳት። እውነቱ ግራ ኪሴ ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልሎ ነበር፦ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ ሰማያዊ ድንጋይና አንዲት ዘለላ ቃጫ።

ድንጋዩን የሰጠኝ ሻኪሶ በኩል የከበረ ማዕድን ሲቆፍር የኖረ የወንድሜ ልጅ ነው። አኳማሪን ይባላል። ቀለሙን እንደ አባያ ሐይቅ ነው ልላችሁ ነበር፤ ግን አባያ ቀይ ስለሆነ ያገሬ ሰው ይስቅብኛል። ዝናብ ካባራ በኋላ በዳሞታ ተራራ አናት ላይ የሚታየውን ስስ ሰማይ ይመስላል ብል ይሻላል።

ቃጫው ደግሞ የወርቅነሽ የቀለበት ጣት ልክ ነው። እሑድ ከቸርች መልስ ምሳዋን በልታ ሶፋው ላይ ጋደም ስትል፣ ጫማዬን አውልቄ በጣቶቼ ጫፍ እየተራመድኩ ተጠጋሁና ከእንሰት የተፋቀውን ክር ጣቷ ሥር አዙሬ ቋጠርኩ። ተንበርክኬ ስነሣ ጉልበቴ የሚያሰማው ጩኸት ጎረቤት ይቀሰቅሳል። እሷ ግን አልነቃችም። ይህን የመሰለ እንቅልፍ ስለሰጣት ጌታን አመሰገንኩ።

ስንጋባ ቀለበት አልነበረም። በእኛ ጊዜ፣ በእኛ ቸርች፣ ጌጥ የዓለም ነገር ነበር። ዛሬ ሙሽሮቹ መድረክ ላይ ቀለበት ይለዋወጣሉ፣ ሽማግሌዎቹም ያጨበጭባሉ። ወርቅነሽ ግን በአሮጌው ሥርዓት ጸንታ ቀረች። በቅርቡ የአንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ የሙሽራዋን እጅ ረጅም ጊዜ ስታይ አየኋት። ከዚያ የራሷን እጅ አየችና ቀስ ብላ ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

መንገድ ያስወጣኝ ያ እጅ ነው። ቀለበቱን ታደርገዋለች ወይስ በመሐረቤ መልሳ ትጠቀልልልኛለች? መልሱን ሳላውቅ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሾፌሩ ገና ሲያየኝ በመስተዋቱ ሳቀ። «ጋሼ ትሪያንግል! ዛሬ ጠመኔ የለም?» የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦሜትሪ ሳስተምር ልጆቹ ያወጡልኝ ስም ይኸው ነው፤ ጡረታ ስወጣ አብሮኝ ወጣ። ረዳቱ ጎማና የሽንኩርት ጆንያ ወዲያ ገፍቶ፣ «አባባ፣ አንተ እዚህ ቁጭ በል፣ እዚህ ጥሩ ነው» አለኝ። ጥሩነቱ አልታየኝም፤ ጉልበቴ አገጬን ይነካ ነበር።

ጉም መንገዱን ይዞት ነበር። እንሰቱ ከጉሙ ውስጥ ቅጠሉን ብቻ ያወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሰወራል። ወደ ምዕራብ ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ፣ እንሰቱ እየሳሳ፣ ሙዝና ማንጎው እየበዛ መጣ። አንቀላፋሁ። በሕልሜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልኳቸው ሦስት ማዕዘኖች አንድ በአንድ እየተላቀቁ በመስኮት ይበሩ ነበር፤ እኔም ክፍሉ መሀል ቆሜ ስም እጠራለሁ። አንዱም «አቤት» አላለኝም። ስነቃ ራሴ የጎረቤቴ ትከሻ ላይ ነበር፤ ሰውየው በትዕግሥት ሙዝ እየላጠ ይበላል።

ቤሌ

ድንጋይ ቆራጯ ምሕረት ትባላለች። አዲስ አበባ ሙያውን ተምራ፣ ጥቂት ሠርታ፣ ማሽኗን አይሱዙ ላይ ጭና ወደ እናቷ ቤት የተመለሰች ልጅ ናት። ድምፅዋ ከማሽኑ ይበልጣል። በወላይትኛ ሳሮ ብለን ሰላምታ ተለዋውጠን እንደተቀመጥን ድንጋዩን በመብራት አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አባባ፣ ለማን ነው? ለሁለተኛ ሚስት?»

«ለመጀመሪያዋ። አንደኛዋንም ገና አልጨረስኳትም።»

ሳቀች። እኔ የፈለግኩት ክብ ነበር፤ ቀለበት ሲባል ክብ ድንጋይ ነው የሚታየኝ። ራሷን ነቀነቀች። «ክብ ጥልቀት ይፈልጋል። የእርስዎ ድንጋይ ቂጣ ነው። ክብ ላድርገው ብል አብዛኛው ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ የቀረውም መስኮት ይሆናል፤ ብርሃኑ በጀርባው ያልፍና ይጠፋል። ለስስ ድንጋይ ሦስት ማዕዘን ነው መድኃኒቱ። ሳይወፍር ያበራል።»

«ልጄ፣ ከሦስት ማዕዘን ሸሽቼ ነው እኮ ጡረታ የወጣሁት!»

«እሱ ግን ተከትሎዎት መጥቷል።»

ሁለት ዓይነት እንዳለ አስረዳችኝ። ትልቅ ድንጋይ መሀል ተቀምጦ ግራና ቀኝ የሚያጅቡት ሦስት ማዕዘኖች ጎናቸው ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ከመሀለኛው ጋር ተጠግተው እንዲገጥሙ። ብቻውን የሚቆም ግን ጎኑ ትንሽ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ሞላ ብሎ ይታያል። «እንደ እርስዎ ጉንጭ» አለች ሙዝ ሳኝክ አይታ። የወርቅነሽ ብቻውን ስለሚቆም ጎኑ ይነፋ ተባለ።

ችግሩ ሦስተኛው ማዕዘን ነበር። ከጫፉ ገባ ብሎ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች። ምሕረት ድንጋዩን መብራቱ ሥር ደጋግማ አገላበጠችው። «ይቺ ከሰፋች ድንጋዩ ለሁለት ይከፈላል» አለች በኋላ። «ልሞክር ወይስ ይውሰዱት?»

ከነጥሬው ይዤ ብመለስ ማን ያየኛል? ማንም። ወርቅነሽም ስለማታውቅ አታዝንም። ደረቴ ውስጥ ያለው ፈሪ ሽማግሌ ኮቱን ሊለብስ ተነሣ። «ሞክሪው» አልኩ፣ እሱ በሩ ጋ ሳይደርስ።

ድንጋዩን በቀለጠ ሰም እንጨት ጫፍ ላይ ለጠፈችው። ዲስኩ ዞረ፣ ውሃ ጠብ ጠብ አለ፣ ወተት የመሰለ ጭቃ ወረደ። አንድ ጎን እንደወጣ መብራት ጠፋ። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን የእናቷን ጎዳሬ በዳጣ በላን፤ ዳጣው ዓይኔን አስለቅሶኝ ሳለ ምሕረት «አይዞዎት፣ ይተርፋል» ብላ አጽናናችኝ። መብራት ሲመጣ መሽቶ ነበር። አልጋ ይዤ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት የቀረውን ስትፈጭ፣ «ወደ ግድግዳው ይዙሩ፤ ሲያዩኝ እጄ ይከብደኛል» አለችኝ። የስሚንቶውን ግድግዳ እያየሁ ቆምኩ፤ ስንቱን ተማሪ እንዲህ አቁሜያለሁ! የማሽኑ ድምፅ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ቆመ። ለመዞር ፈራሁ።

«አባባ፣ ይዩ።»

መዳፏ ላይ አንዲት ጠብታ ሰማይ ተቀምጣለች። ስንጥቋን ለመሸሽ ሦስተኛውን ጫፍ ከሌሎቹ ጥቂት ዶልዶም አድርጋዋለች፤ ካልተነገረው በቀር ማንም አያይም። ወዲህ ሳዘነብላት ብርሃኑ ከአንዱ ጎን ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል፣ እዚያ ሲጠፋ ሦስተኛው ላይ ይበራል። ያን ሁሉ ዘመን የሣልኩት ሦስት ማዕዘን አንድ ቀን እንዲህ አልበራልኝም።

እንደገና ሶዶ፣ ተሸፋፍኖ

ድንጋዩን ቀለበት ላይ የሚተክልልኝ አንጥረኛ ያለው ተበላ ነው፤ ከቤሌ ወደዚያ ለመሄድ በሶዶ ማለፍ ግድ ነው። ሶዶ የማላሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ እዚያ ያሉትን ወርቅ ሠሪዎች ሁሉ ወርቅነሽ ታውቃቸዋለች፤ አንዱ እንዲያውም አብሯት ኳየር ነበር። መናኸሪያ ወርጄ ወደ ተበላ ሚኒባሶች በባጃጅ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ቅቤ እያሸተተች የምትከራከር ሴት አየሁ። አረማመዷን፣ ነጠላዋን፣ የቅቤ ነጋዴዋን ፊት ሳይቀር አወቅኩ። ወርቅነሽ!

ትከሻዬ ላይ የነበረውን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ዱንጉዛ ራሴ ላይ ጎትቼ ባጃጁ ወለል ላይ ተጣጠፍኩ። ልጁ ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ ፖሊስ ይፈልግሃል?» አለኝ። «ሚስት» አልኩት። የነዳጁን እጀታ ጠመዘዘው።

ተበላ

ቆላው አፉን ከፍቶ ተቀበለን። ቀኑ የገበያ ስለነበር ዝንጅብል፣ በቆሎና ፍየል መንገዱን ሞልቶታል፤ ከሩቅ አባያ በሙቀቱ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ሐይቅ ይሁን ሕልም አይለይም። የከድር ሱቅ ከገበያው ጥግ ላይ ናት። ከድር አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚህ የከተሙ፣ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የተማረ አንጥረኛ ነው። ጂኦሜትሪ ከእኔ ይገለብጥ ነበር።

የብሩን ቀለበት ቀደም ብዬ በስልክ አዝዤው አዘጋጅቶ ጠብቆኛል፤ የቀረው ልኩን ማስተካከልና ድንጋዩን መቀመጫው ላይ መትከል ነው። ድንጋዩን በመነጽሩ አየና አፏጨ። «ይሄ እኮ ትልልቅ ሱቆች ውስጥ ጥንድ ሆኖ የአልማዝ ግራና ቀኝ የሚቆም ነው። አንተ ዘበኛውን ጌታ አደረግከው!»

«እኔም ቤት ውስጥ ዘበኛ ነኝ፤ አዝኜለት ነው።»

ክብ ድንጋይ ቢሆን የትም ጥፍር አሲዘህ ትገላገላለህ፤ ይሄ ግን የሚሰበረው በጫፉ ስለሆነ ሦስቱም ጫፍ መከደን አለበት አለኝ። ከብር ሦስት ትናንሽ ጥፍሮች እንደ ቪ ፊደል አጠፈ፤ እያንዳንዷ አንድ ማዕዘን አቀፈች። ለዶለዶመው ጫፍ ያዘጋጃትን ጥፍር ትንሽ አሰፋት። ከዚያ ቃጫዬን ተቀብሎ አየው።

«የጣቷ ሥር ነው። አንጓውን ለክተሃል?»

«ከድር፣ የጂኦሜትሪ መምህር ጋ ነው የምታወራው።»

«እሱን ስለማውቅ ነው የጠየቅኩህ» አለና ወደ ሥራው ዞረ። እኔ በርጩማው ላይ አንቀላፋሁ። መዶሻው ቀስ እያለ ይመታል፣ የገበያው ጫጫታ ውሃ ይሆናል፣ ወርቅነሽም ውሃው ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ትሄዳለች፤ እጇን ግን አታሳየኝም።

ቤት

ስገባ ወጡ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ባልደረባዬ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ «ደህና ነው፣ ትንሽ ሞላ ብሏል» አልኩ። ከራት በኋላ መሐረቡን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩ። የተለማመድኩት ንግግር ነበር፣ ጠፋብኝ።

ፈታችው። ወደ አምፖሉ አነሣችው። አምፖሉ ላይ ያለው ብርሃን ወደ ድንጋዩ ወርዶ ከጎን ወደ ጎን ተመላለሰ። ከዚያ ጣቷን ዘረጋች፤ አጠለቅኩላት። አንጓው ላይ ቆመ።

ገፋሁ፣ እንቢ አለ። ያን አንጓ ያን ቀን በደንብ አየሁት። አምስት ልጅ ያሳደገ ቆጮ የፋቀ፣ እንሰት ሲጨምቅ የኖረ አንጓ ነው፤ ከሥሩ ይልቅ ወፍሯል። እኔ ቀጭኑን ስፍራ ለክቼ ነው በኩራት ሁለት አገር የዞርኩት። ወርቅነሽ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። መሐረቡን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ በቃ፣ መልሴን አገኘሁ አልኩ።

ስትመለስ ጣቷ ቅቤ ተቀብቶ ይብለጨለጫል። ቀለበቱን ራሷ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እያዞረች ገፋችው። ዘለቀ።

«የማርቆስ አባት» አለች፣ እጇን ከፊቷ አርቃ እያየች፣ «እሑድ ጣቴን በቃጫ ስታስር ነቅቼ ነበር።»

«ምን?»

«ጉልበትህ እንዲያ ጮኾ ማን ይተኛል? ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ገለጥ አደረግኩልህ እንጂ። ዛሬም መናኸሪያው ጋ አይቼሃለሁ። ባጃጅ ውስጥ በዱንጉዛ የሚጠቀለል ሌላ ሰው ሶዶ ውስጥ የለም።»

ስለዚህ መልሱ ከመነሻዬ በፊት ሶፋው ላይ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ቤሌና ተበላ ድረስ የሄድኩት ቤቴ የተቀመጠ ነገር ፍለጋ ነው። ከጉዞው የተማርኩት ይህንና፣ የጣት ልክ በሰፊው በኩል እንደሚወሰድ ነው። ሁለተኛውን ከድር እንዳይሰማ።

በተከታዩ እሑድ ቸርች በር ላይ አንድ የእኛ እኩያ ሽማግሌ እጇን አይተው፣ «እህት ወርቅነሽ፣ አንቺም?» አሏት። አንገቷን ደፋች፣ ፊቷን አሳዘነች፣ ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ሳብ አደረገች።

«ምን ላድርግ፣ አባቴ» አለች፣ «አንዴ ገብቶ አልወጣ አለኝ።»