መልቲካስቱን የሠራው ማን ነው?

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። እኔ ሰቆጣ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ቴክኒሻን ሳለሁ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ያዝኩ። ቢያንስ አላስመሰልኩም።

የቪዲዮ ትምህርቱ ከአንድ ኮምፒውተር ለየክፍሉ ለየብቻ ስለሚላክ ኔትወርኩ ይታፈንና ምስሉ ድርቅ ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ታግዬ መልቲካስት አደረግሁት፤ ትምህርቱ አንዴ ብቻ ይላካል፣ የከፈተ ክፍል ሁሉ ይቀበለዋል። ገመዶቹ የሚሰኩበትን ስዊችም ላልከፈተ ክፍል እንዳይልክ አስተካከልኩት።

ያን ሰሞን ዝውውር ጠይቄያለሁ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ብቻዋን ታማ ተኝታለች፤ ዝውውር የሚያገኝ ደግሞ በግምገማ የተመሰገነ ነው። ታዲያ ግምገማው ላይ ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ፣ «መልቲካስቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቴክኒሻናችን ገመድ ሲያቀብለኝ ነበር» አይል መሰላችሁ! ተጨበጨበለት። እኔ «ተነሳሽነት ይጎድለዋል» ተባልኩ። ኧረ የሰው ያለህ!

ስዊች ያስተካከሉትን ሴቭ አድርገው ካላስቀመጡበት መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። እኔ ማስቀመጡን ለመጨረሻ ትቼው ነበር። ከግምገማው ወጥቼ ላስቀምጠው እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ሰቆጣ ላይ መብራት እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይጠብቅም።

ከዞን እንግዶች መጥተው ርዕሰ መምህሩ ደረቱን ነፍቶ ሲያስጎበኝ መብራት ሄደ። ሲመለስ በየክፍሉ ምስሉ ተሰባበረ።

«አስተካክለው እንጂ» አሉት እንግዶቹ።

ኪቦርዱን ያያል፣ እኔን ያያል። ላብ በላብ ሆነ!

«ና እስኪ፣ እባክህ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ኧረ ጌታዬ! እርስዎ የሠሩትን እኔ ገመድ አቀባዩ ምን ብዬ እነካለሁ?» አልኩ ጮክ ብዬ። እንግዶቹ ሳቁ። እሰይ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ከኒሯቅና ከሰሃላ ድረስ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ትምህርት አመለጣቸው፤ እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ትዝም አላሉኝ።

ከዚያ ተቀመጥኩና ሁሉ እያየ በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩት፤ አሁን አስቀመጥኩትም።

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ የዝውውሬን መልስ ሰጠኝ። «መልቲካስቱን የሠራው ቴክኒሻናችን ነው» ይላል፣ በገዛ ፊርማው። «ሌላ የሚችለው ስለሌለ ልንለቀው አንችልም።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ሥራው ያንተ መሆኑን ጽፌልሃለሁ።»

ደጅ እንደወጣሁ እናቴ ደወለች። ስልኩን አላነሳሁም።